ማግኔቱ የለቀቀበት ቦታ

ቃሊቲ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ፣ የከባድ መኪና አሮጌ ጎማ ከተደረደረበት አጥር ጀርባ አንድ ጋራዥ አለ። እዚያ የሚሠሩትን አዛውንት ባትላሜራ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን እጃቸው ላይ መዶሻ አልነበረም። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ፣ መዳፍ የሚያህል ማግኔት በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ከተው፣ ቀይ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ አንዲት የአሜሪካ መኪና ጎን ላይ ቀስ እያሉ ያንሸራትቱት ነበር። ማግኔቱ ላሜራውን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ይሄድ ይሄድና ድንገት ጉልበት አጥቶ ይለቃል። የለቀቀበት ቦታ ላይ ረዳታቸው በጠመኔ ክብ ያደርጋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያቺ የምታምር መኪና ኩፍኝ የወጣባት ሕፃን መሰለች።

ባለቤቷ መኪናዋን ከአባቷ የወረሰች ወጣት ናት። ክቦቹ በበዙ ቁጥር ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ጋሼ፣ ቀለሟ እኮ ደህና ነው። እኔ ያሰብኩት ትንሽ ላስደምቃት ነበር» አለቻቸው።

«ቀለሙማ ደህና ነው ልጄ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ማግኔት ግን ቀለም አያውቅም፣ ብረት ነው የሚያውቀው። እዚህ ጋ ያለው ብረት አይደለም፣ ስቱኮ ነው።»

ስቱኮ ምን እንደሆነ መኪና የገጨ ሁሉ ያውቃል። የተጨረመተ ወይም ዝገት የበላው ላሜራ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ እንደ መስታወት የሚለሰልስ ሙሊት ነው። በልኩ ከተጠቀሙበት ጥሩ ነገር ነው። በዝገት ላይ ከተለሰነ ግን ዝገቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያቆመውም። ብረቱ ከሥር መበላቱን ይቀጥላል፣ ከላይ ያለው ቀለም ደግሞ «ሁሉ ሰላም ነው» እያለ ይስቃል። የዚያችን መኪና ጎን ሲፍቁት ከአንድ ቦታ ብቻ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ። ከሥሩ ያለው ላሜራ እንደ ደረቀ ቅጠል በአውራ ጣት ሲጫኑት ተፈረፈረ።

የዛሬውን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ማግኔት ከሐሳቤ ስላልወጣች ነው።

ብዙዎቻችን ራሳችንን ለመለወጥ ስንነሳ ከቀለም ነው የምንጀምረው። መስከረም ሲጠባ አዲስ ማስታወሻ ደብተር እንገዛለን፤ ለስፖርት ቤት የሦስት ወር እንከፍላለን፤ የስልካችንን ፎቶ እንቀይራለን። አያስከፋም። ነገር ግን ከሥር ለማንም ያልነገርነው ዕዳ፣ ለሦስት ዓመት ያልደወልንለት ወንድም፣ በየሌሊቱ የሚያልፈን እንቅልፍ አለ። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከማቀዳችሁ በፊት ማግኔቱን አሳልፉ። ያለፈው ወር ደመወዜ የት ገባ? በዚህ ዓመት ቃል ገብቼ ያላደረስኩት ለማን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ወሬ የምቀይርበት ርዕስ የትኛው ነው? ማግኔቱ የሚለቅበት ቦታ ላይ በጠመኔ ክብ አድርጉ። ክብ ማድረግ ማፈር አይደለም፤ የሥራው የመጀመሪያ ቀን ነው። ጋሼ ያን ዕለት ክቦቹን ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ነበር። «አሁን ምን እንደምንሠራ አወቅን» ነው ያሉት።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ፎርድ ሙስታንግ ናት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነና ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ሙስታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ነው። በዚያ አንድ ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ሰው አዘዛት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠች። መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ስለነበር ገና ሥራ የያዘ ወጣትም ሊመኛት ይችል ነበር። ወደ እኛ አገር የአሜሪካ መኪኖች በብዛት የመጡት በዚያው ዘመን ነው፤ በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ ወታደሮች፣ የኤምባሲ ሰዎችና አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ይነዷቸው ነበር። ይቺኛዋ እንዴት እንደመጣች ባለቤቷም በውል አታውቅም። የምታስታውሰው አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያዋን ከፍተው፣ ልጆቹን ከኋላ ጭነው ወደ ቢሾፍቱ ሲወርዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይህን እያንዳንዱ አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

አንድ የጫማ ካርቶን ውሰዱና ክዳኑን እንደ ገጠመ በሁለት እጃችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። እንቢ ይላል። ክዳኑን አንሡና እንደገና ጠምዝዙት፤ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። የመኪና ጣሪያም ዝናብ ለመከላከል ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ፊትና ኋላውን፣ ግራና ቀኙን የሚያያይዝ መቀነት ነው። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ይህ መቀነት የላትም። ስለዚህ የሙስታንግ መሐንዲሶች ጉልበቷን ወደ ታች አወረዱት፤ ከበሮቿ ሥር ያለውን ብረት አጠነከሩ፣ ወለሏና ጎኗ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የብረት ሣጥን ጨመሩ፣ ከመቀመጫዎቹ ሥርም ተጨማሪ ላሜራ በየዱ። ከላይ ነፋስ የምትቀበል፣ የምትፍለቀለቅ መኪና ናት፤ ሸክሟን ሁሉ የተሸከመው ግን ማንም የማያየው ወለሏ ነው።

ዝገቱም የያዘው እሱኑ ነው። በዚያ ዘመን ሙስታንግ ላይ የታወቀ አንድ ደካማ ቦታ አለ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ አየር ወደ ውስጥ የሚገባበት ድርብ ላሜራ። ቅጠል ይገባበታል፣ ቅጠሉ ውኃ ይይዛል፣ ውኃው ላሜራውን ይበሳዋል፣ ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሾፌሩ እግር ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጋሼ ያን ቦታ ሲከፍቱት በጭቃ የተጋገረ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ አወጡ። ስንት ክረምት እንደተጠራቀመ እግዜር ይወቅ። ከላይ የገባው ጠብታ ምንጣፉን አርሶ፣ ምንጣፉ ወለሉን አርሶ፣ ወለሉ በስቷል። ባለቤቷ ያን ስታይ «አባቴ ሁልጊዜ እግሬን ራሰኝ ይል ነበር» አለችና ዝም አለች።

እዚህ ላይ ነበር ወጣቱ ረዳት ግራይንደሩን አንሥቶ የተበላውን ወለል ሊቆርጥ የተነሣው። ልጁ ታታሪ ነው፤ ብልሹ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ጋሼ ግን እጁን ያዙት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ቆርጠህ ስታወጣ ምን ይይዛታል?»

ልጁ ዝም አለ።

«መሀሏ ይሰምጣል። በክሪክ ብታነሣት ፊቷና ኋላዋ እንደ ኮርቻ ይጎብጣል። ከዚያ አዲስ ወለል ብትበይድላትም በጎበጠችበት ነው የምትበየደው። በሯ እስከ ዕድሜ ልኳ አይዘጋም።»

ያደረጉት ይህን ነው። በመጀመሪያ በሩና የኋላው ጎን መሀል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም በክብሪት ቀፎ ለኩት፤ ልኩንም ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ቀጥለው ቱቦላሬ አስመጡ። ቃሊቲ ላይ ቱቦላሬ ማግኘት ውኃ እንደ መቅዳት ነው፤ ብረታ ብረት ፋብሪካው እዚሁ አፍንጫችን ሥር አይደል? የበሩን አፍ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ አግድም፣ ከዚያም ከጥግ እስከ ጥግ እንደ መስቀል አድርገው በየዱት። በግራም በቀኝም። መኪናዋ ክንዱ ተሰብሮ በቀርቀሃ የታሰረ ሰው መሰለች። አታምርም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ብትቆርጧት አትንቀሳቀስም። ከዚህ በኋላ ነው ለልጁ ግራይንደሩን የመለሱለት፤ ያውም አንዱን ጎን ቆርጦና በይዶ ሳይጨርስ ሌላውን እንዳይነካ ነግረው።

መጥፎውን ከማውጣትህ በፊት ደህናውን እሰር።

ይህን ሳይ የገዛ ሕይወቴ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ከሰዓት በኋላ ንዴት ሥራዬን ጥዬ ወጥቻለሁ። ሥራው ሊቆረጥ የሚገባው ነበር፤ በዚያ ዛሬም አልጸጸትም። ነገር ግን ምንም ድጋፍ አልበየድኩም ነበር። የሁለት ወር የቤት ኪራይ አላስቀመጥኩም፣ ከማንም አልመከርኩም፣ ባለቤቴ የሰማችው ማታ ነው። መሀሌ ሰመጠ። ቀና ለማለት የፈጀብኝ ጊዜ ሥራውን ከታገስኩበት ጊዜ በለጠ።

ስለዚህ አንድ ነገር ቆርጠው ሊጥሉ ለተነሡ ሁሉ እላለሁ፣ ጎበዝ፣ በርቱ፣ ግን መጀመሪያ ቱቦላሬያችሁን በይዱ። ጫት ልታቆም ነው? ከምሳ በኋላ ያለውን ያን ረጅም ሰዓት ከማን ጋር እንደምታሳልፍ ዛሬ ወስን፤ ጓደኛህን ንገረው፣ ቦታውን ቅጠሩ። ሥራ ልትለቂ ነው? እቁብሽን አታቋርጪ፤ ቢያንስ አንዱ እጣ እጅሽ እስኪገባ ጠብቂ። ከሚጎዳችሁ ግንኙነት ልትወጡ ነው? እሑድ ምሳ ከእናታችሁ ቤት አትቅሩ። እነዚህ ነገሮች የለውጡ አካል አይመስሉም፤ ቱቦላሬውም የመኪናዋ አካል አልነበረም። ሥራው ሲያልቅ ተቆርጦ ይወጣል። በሩን በቦታው ያቆየው ግን እሱ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ያው ረዳት መቀመጫውን ሊፈታ ወርዶ 13 ቁልፍ ዳዶው ላይ አገባ። የሚገጥም ይመስላል። ችግሩ አሜሪካኖቹ በዚያ ዘመን የሚሠሩት በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ሚሊሜትር ሦስት አሥረኛ ብቻ። በዓይን አይታይም። ነገር ግን ለስድሳ ዓመት ያህል የዛገ ዳዶ ላይ በሙሉ ጉልበት ስትጫኑት ያቺ ትንሽ ክፍተት ማዕዘኖቹን ትበላቸዋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤ ዳዶው ክብ ሆኖ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏችኋል ይህ ነው፤ አንዲቷን ዳዶ በመሮና በእሳት ለማውጣት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀባቸው። በማግስቱ ጋሼ ልጁን ሶማሌ ተራ ላኩትና የኢንች ቁልፎች ተገዙ። የተጠቀለሉበትን ጨርቅ ሲፈታ የነበረው የልጁ ፊት! ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ፊደል ነበር የሚያነበው።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ስለ ምክር ነው። ለሌላው ሰው የሠራ ምክር ለእኛ የሚገጥም የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሣ» ይላል አንዱ፤ አንተ ግን የማታ ፈረቃ ሠርተህ ስድስት ሰዓት ነው የምትተኛው። ምክሩ ስህተት አይደለም፤ ልኩ ግን የሌላ ነው። እንቢ ሲላችሁ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ቁልፉን እዩት።

በነገራችን ላይ፣ የጋራዥ ቋንቋ እወዳለሁ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ቱቦላሬ፣ ባትላሜራ፤ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ሊገዛን የመጣው ሰው ሄደ፤ ቃሉን ግን እነዚህ እጃቸው ዘይት የነካ አባቶች ለራሳቸው ሥራ አስቀሩት፣ በአማርኛ አረቡት፣ ለልጅ አስተማሩበት።

የአሜሪካ ጣሪያ ክፍት መኪና ሲነሣ ከታሪካችን ጋር የተያያዘች አንዲት መኪና አለች። መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን ሲገቡ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተቀብለዋቸው ጎን ለጎን ተቀምጠው ጣሪያዋ በተከፈተ ሊንከን ኮንቲኔንታል በከተማዋ አለፉ። በ1961 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ለፕሬዚዳንቱ ሲባል መሀሏ ተቆርጦ የተረዘመች፣ ጥቁር ሰማያዊ መኪና ነበረች። ከ52 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 12፣ ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተገደሉት በዚያችው መኪና ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብራቸው ተመልሰው ዋሽንግተን ሄዱ።

ብዙ ሰው ያቺ መኪና ከዚያ ቀን በኋላ የተሰባበረች ወይም የተቀበረች ይመስለዋል። አልሆነም። ወደ ሠሪዎቿ ተመለሰች። እስከ አጥንቷ ፈቷት፤ ጥይት የማይበሳው መስታወትና ብረት አለበሷት፤ የማይነሣ ጣሪያ ገጠሙላት፤ ሞተሯን አጠነከሩ። በኋላም ጥቁር ቀለም ተቀባች። በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረች፤ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ በተከታታይ የመጡ ፕሬዚዳንቶችን አገለገለች። ዛሬ ዲርቦርን፣ ሚሺጋን፣ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆማለች።

እኔን የሚገርመኝ ወደ ድሮዋ አለመመለሷ ነው። ጣሪያዋ ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ አያውቅም። ያየችውን አይታለችና እንደ ድሮው ልትሆን አትችልም፤ ነገር ግን ሥራዋን ቀጠለች፣ ያውም ለአሥራ ሦስት ዓመት። ከባድ ሐዘን ያለፈባችሁ አንባቢዎቼ ይህን እንድታስቡት እለምናለሁ። ሰዎች «እንደ ድሮህ ሁን» ሲሉህ የድሮው የለም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። እንደ ድሮህ መሆን አይጠበቅብህም። ክፉው ቀን ያለፈበትን ቦታ አጠንክረህ፣ በሌላ ቀለም፣ እንደገና መንገድ መውጣት ይቻላል።

ቃሊቲ ጋራዡ ውስጥም ይኸው ክርክር ነበር። ባለቤቷ ሁሉም ነገር አባቷ እንደተዉት እንዲሆን ነበር የምትፈልገው። በተለይ ፍሬኑ ላይ አልስማማ አለች። የዚያ ዘመን ሙስታንግ የፍሬን ማስተሯ አንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር። አንድ ቦታ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ፍሬን ይጠፋል። ፎርድ ራሱ ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ሁለት ክፍል ያለው ማስተር ማድረግ ጀመረ፤ የፊቱ ቢጠፋ የኋላው እንዲቀር። ጋሼ በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሏት፤ «ልጄ፣ መልኳ አባትሽ እንደተዉት ይሁን። ፍሬኗ ግን አንቺ ለልጆችሽ እንደምትፈልጊው ይሁን። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርጂ አባትሽ ቢያዩሽ የቱን ይመርጡ ነበር?» ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ተገጠመ። ቀበቶም ተጨመረ። ከውጭ ለሚያያት ምንም አልተቀየረም።

ከቤተሰብ ከወረስነው ነገር ጋር መኖር እንዲህ ይመስለኛል። ከአባት የወረስነውን ደግነት፣ እንግዳ ወዳድነት፣ ቃል መጠበቅ ቀለሙን ሳንነካ እንያዘው። ዝምታውን፣ ቁጣውን፣ ሐኪም ቤት ያለመሄድ ኩራቱን ግን በአዲስ ማስተር እንለውጠው። አባቶቻችንን መካድ አይሆንብንም፤ የእነሱን መኪና በደህና ወደ ፊት መንዳት ነው።

ሙስታንግን ለገበያ ያበቃውን ቡድን ስለመራው ሰው ደግሞ ላውጋችሁ። ሊ አያኮካ ይባላል፤ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ልጅ። በፎርድ ኩባንያ ውስጥ እስከ ፕሬዚዳንትነት ወጣ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ተባረረ። የሄደው በኪሳራ አፋፍ ላይ ወደነበረው ክራይስለር ነው፤ ኩባንያው የዳነውም መንግሥት የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኖለት ነው። በዚያን ጊዜ ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ሞተዋል ተብሎ ነበር። ካዲላክ በ1976 እ.ኤ.አ. ኤልዶራዶን ሲያመርት «የመጨረሻዋ» ተብላ ሰዎች ለማስታወሻ ተሻሙባት። አያኮካ ግን አንዲት የክራይስለር መኪና ጣሪያዋ እንዲከፈት አድርገው በእጅ እንዲሠሩለት አዘዘና ራሱ እየነዳት ከተማ ውስጥ ዞረ። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ «ይህቺን ከየት አገኘህ? እኔስ ማግኘት እችላለሁ?» ይሉት ጀመር። ከዚያ ወዲያ ጥናት አያስፈልግም አለ። በመጀመሪያው ዓመት 3 ሺህ ይሸጣል ተብሎ የታሰበው 23 ሺህ ተሸጠ። ብድሩንም ኩባንያው በ1983 እ.ኤ.አ.፣ ከጊዜው ሰባት ዓመት ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ።

የሠራው አንዲት ብቻ ነው፤ ከዚያ ነድቷት ወጣ። እኛ ሐሳባችንን ወረቀት ላይ እያሳመርን ዓመት እናሳልፋለን። ዳቦ ቤት መክፈት ያሰብሽ እህቴ፣ ለዚህ ሳምንት ሃያ ዳቦ ጋግረሽ ለጎረቤት ሽጪ። ማን ተመልሶ እንደሚመጣ እዪ።

«የት አገር ነው የምታወራው፣ እኛ ዕቃ ከየት እናመጣለን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለስድሳ ዓመት መኪና ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ ተደርድሮ አይጠብቅም። ያቺ ልጅ ያደረገችው እንዲህ ነው፤ ሊገዛ የሚችለውን፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ በሻንጣ የሚገባውን ለይታ ጻፈች፤ ጎሚኒዎች፣ የፍሬን ማስተሩ፣ የበር መቆለፊያው። ከባዱን እዚሁ አሠራች። ወለሉን ጋሼ ከጠፍጣፋ ላሜራ በመዶሻ አወጡት። የተበላ ቡሽ ቶርኖ ቤት ተሠራ። የሸራ ጣሪያዋም አሮጌው ተፈትቶ እንደ ንድፍ ተዘርግቶ መርካቶ ሸራ ተራ በሚገኝ ሸራ ተሰፋ። ገንዘቡን ደግሞ በየወሩ ከደመወዟ ለይታ፣ በወር አንድ ሥራ። ወለሉ የፈጀውን ወራት ሳትቆጥር አልቀረችም፤ ግን አንድ ወር አልዘለለችም።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረ ቦታ ነው። የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ እዚህ ነው የተተከለው፤ ከውጭ የሚመጣን ዕቃ እዚሁ አቅልጦ፣ እዚሁ ጠርቦ ለመሥራት። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ ተጠግኖ እንደገና መብራት ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ የሚያውቅ እጅ ዋጋው ጨምሯል። አሮጌ ነገር ተጠብቆ ምን እንደሚመስል ማየት የምትፈልጉ በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱን መኪኖች ሄዳችሁ እዩ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ስልክ አስደወሉልኝ። «ና፣ ዛሬ ቱቦላሬው ይወጣል» የሚል ነበር መልእክቱ።

ስደርስ አዲሱ ወለል ጸረ ዝገት ተቀብቶ ግራጫ ሆኗል። መቀመጫ የላትም፣ ቀለም የላትም፣ ሸራዋ ገና ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል። ባለቤቷ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ልጁ ግራይንደሩን ይዞ ጋሼን ያያል። በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡት። ብልጭታው ወጣ፤ አንዱ ቱቦላሬ ወደቀ፣ ሁለተኛው፣ በሌላው በኩልም እንደዚያው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን መኪናዋን አየናት። ፍንክች አላለችም።

ጋሼ የክብሪት ቀፏቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከላይ አስገቡት፣ ከታች አስገቡት። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ሄደው አነበቡና ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ከዚያ የሾፌሩን በር እስከ መጨረሻው ከፍተው በአንዲት ጣት ብቻ ገፋ አደረጉት።

ጠቅ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እንደገና ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ጠቅ። አራት አምስት ጊዜ ሳትደጋግመው አልቀረችም።

«ቀለሙን መቼ እንጀምር ጋሼ?» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ጋሼ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ሰማያዊ ላዳ እያጓራ ግቢው ውስጥ ገባ። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ያብረቀርቃል። ጋሼ ወደ ኋላ ኪሳቸው እጃቸውን ሰደዱና ያቺን ካልሲ አውጥተው ለልጁ ሰጡት።

«ሂድ» አሉት፣ «አንተ እየው።»